ለጀልባ ሞተር መለዋወጫ፦ አዲስ ወይስ ያገለገለ?

ለጀልባ ሞተር ዕቃ ስትጠይቁ ገበያው ውስጥ ያለው ዋጋ ሦስት ነው፦ ኦሪጅናል አዲስ፣ ኮፒ አዲስ፣ ያገለገለ ኦሪጅናል። አብዛኛው ገዢ ግን «አዲስ» እና «አሮጌ» ብሎ ለሁለት ብቻ ይከፍለዋል። ስለዚህ ኮፒውን «አዲስ ነው» ብሎ ይገዛና ሐይቅ መሐል ይቆማል። የእኛን አቋም አስቀድመን እንናገር፦ ጎማ የሆነ ሁሉ አዲስ ይገዛል፤ በመለኪያ የሚፈተሽ ብረት ያገለገለ ኦሪጅናል ቢሆን አያሳፍርም፤ ኤሌክትሪክ ነክ ዕቃ ደግሞ ሞተር ላይ ተገጥሞ ሳይግል ገንዘብ አይቆጠርበትም።

ለምሳሌ የምንወስደው ያማሃ ኢንዱሮ 40ን ነው። ቱ-ስትሮክ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ 703 ሲሲ፣ ቤንዚኑና ዘይቱ ተቀላቅሎ የሚገባለት ሞተር ነው፤ በአፍሪካ ሐይቆችና ወንዞች ላይ በሰፊው ይሠራል። 15 ወይም 25 የፈረስ ጉልበት ሞተር ላለው ሰውም አብዛኛው ነገር ያው ነው።

ጎማና ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)

እዚህ ላይ ክርክር የለም። የውኃ ፓምፑ ኢምፔለር (ውኃ የሚስበው ባለ ክንፍ ጎማ) ክንፎች ቤታቸው ውስጥ ታጥፈው ነው የሚቀመጡት፤ ሞተሩ ባይነሳ እንኳ ቅርጻቸውን እየያዙ ይሄዳሉ። ከሌላ ሞተር የወጣ ኢምፔለር ክንፎቹ ወደ አንድ ጎን ጎብጠው ከቀሩ በዝቅተኛ ዙር ውኃ አይስብም። ጣና ላይ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ፦ በክረምት ወንዞቹ ይዘውት የሚገቡት ደለል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ኢምፔለሩን፣ የሚሽከረከርበትን ኩባያና ከሥሩ ያለውን የብረት ሳህን አብሮ ይፍቃል። እምቦጭ የውኃ መግቢያውን ወንፊት ሲደፍነው ደግሞ ኢምፔለሩ በደረቁ ይዞራል፤ በደረቁ ለመቃጠል ደቂቃዎች ይበቁታል።

ስለዚህ ኢምፔለሩን ብቻውን አትግዙ። ኩባያው ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲሱም ኢምፔለር ግፊት አይሰጥም፤ ኩባያ፣ ሳህን፣ ጓርኒሲዮንና ግማሽ ጨረቃ የምትመስለዋ ቁልፍ ያሉበትን ሙሉ ኪት ጠይቁ። ኦሪጅናሉ ከኮፒው የሚለየው መሐል ባለው የብረት ቀለበትና በጎማው መያያዝ ነው፤ በኮፒው ጎማው ከቀለበቱ ይለቅና ዘንጉ እየዞረ ኢምፔለሩ ይቆማል። ኦሪጅናልም ቢሆን መደርደሪያ ላይ ዓመታት የቆየ ሊሆን ስለሚችል ከመክፈላችሁ በፊት አንዱን ክንፍ አጥፉት፤ ወዲያው ተመልሶ ካልቆመ ወይም ሥሩ ላይ ስንጥቅ ካሳየ ተዉት። ሲገጠም ክንፎቹን በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና አርጥቦ፣ ዘንጉን ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ እያዞሩ ቤቱን ወደ ታች መግፋት ነው። የወጣው አሮጌ ኢምፔለር ክንፍ ከጎደለው የጎደለው ቁራጭ ወደ ላይ ሄዷል ማለት ነው፤ የውኃ ቱቦውንና የቴርሞስታቱን ቤት ከፍታችሁ ሳታወጡት ሞተሩን አታስነሱ። ቅያሬው በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ሲወጣ ቢሆን ይመረጣል።

ፓራኦሊዮ (ዘንግ ዙሪያ የሚገባው ማሸጊያ የጎማ ቀለበት)፣ የቤንዚን ፓምፕ ዲያፍራም፣ የቤንዚን ቱቦና በእጅ የሚጨመቀው ጎማ፣ የማስነሻው ገመድ ሁሉም በዚሁ ሕግ ይገባሉ። በተለይ የክራንክሻፍቱ (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) የታችኛው ፓራኦሊዮ አየር ሲያስገባ ከታች ያለው ሲሊንደር የሚደርሰው ድብልቅ ቤንዚኑም ዘይቱም ያንሳል፤ ፒስቶኑም ይነክሳል። በዚህች ርካሽ ዕቃ ምክንያት ስንት ብሎክ ተበላሽቷል!

የታችኛው ማርሽ ቤት

ያገለገለ ዕቃ ጥቅሙ በደንብ የሚታየው እዚህ ነው። ማርሾቹ ፊታቸው ብቻ በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው፤ ያ ቀጭን ጠንካራ ሽፋን ኮፒው ላይ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። ደህና ሆኖ የወጣ ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲስ ኮፒ ይሻላል የምንለውም ለዚህ ነው። ሆኖም ማርሾቹን ነጥላችሁ ከመግዛት ቤቱን ከነሙሉ ይዘቱ መግዛት ይሻላል። ፒኞኑ (ከላይ በሚወርደው ዘንግ ጫፍ ያለው ትንሹ ማርሽ) እና የፊት ማርሹ አብረው ተፋቅተው የተላመዱ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የሚስተካከለውም ለዚያ ቤት ተለክተው በገቡ ስስ ቀለበቶች ነው። አዲስ ፒኞን ከአሮጌ የፊት ማርሽ ጋር ማጋባት መጀመሪያ ጩኸት፣ ቀጥሎ የተሰበረ ጥርስ ነው።

ሻጩ ፊት ሆናችሁ የምታዩት ይህን ነው፦

የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን ፍቱ። ጫፉ ላይ ማግኔት ካለው ግራጫ ጭቃ የሚመስል የብረት ዱቄት ጤነኛ ነው፤ የሚቆረጥም ስብርባሪ ካለ ግን ንግግሩን አቁሙ። ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቷል። ይህ ብቻውን ቤቱን አያስጥልም፤ ፓራኦሊዮ ተቀይሮ ሊድን ይችላል። ውኃው ቆይቶ ኩሽኔታዎቹን አዝጎ ከሆነ ግን ዘንጉ በእጅ ሲዞር ሸካራነቱ እጅ ላይ ይታወቃል፤ ዋጋው በዚያ ልክ ይውረድ።

ቀጥሎ የፕሮፔለሩ ዘንግ። ፓራኦሊዮ የሚነካበት ቦታ ላይ ጥፍራችሁን አስኪዱ፤ ቦይ ከያዘ አዲስ ፓራኦሊዮ ብታስገቡም ያፈሳል። ዘንጉን እያዞራችሁ ጫፉን ከአንድ ቋሚ ነገር አንጻር ተመልከቱ፤ ከወዛወዘ ጎብጧል፤ ድንጋይ መትቷል ማለት ነው። ቤቱ ከተከፈተ ክላቹ ላይ ያሉትን ጥርሶች ጠርዝ እዩ። ጠርዙ ስለታም መሆን አለበት። ከተሞረደ ጉልበት ሲጨመር ማርሹ ይዘላል፤ ነጂው ማርሽ የሚያስገባው በቀስታ እየነካካ ከነበረ የሚሞረደው በዚህ ነው። የማርሾቹ ጥርሶች ፊት ላይ ነጠብጣብ ጉድጓድ ካለ ጠንካራው ሽፋን አልቋል፤ ያ ማርሽ ከዚያ ወዲያ አያገለግልም።

የመጨረሻው ፈተና አየር ነው። በዘይት መሙያው ቀዳዳ ፓምፕ አስገብታችሁ ወደ 1 ባር ገደማ አድርሱት፤ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ መያዝ አለበት። ካልያዘ ሳሙና ውኃ ቀብታችሁ የሚያፈላበትን ፈልጉ።

ፒስቶን፣ ብሎክ፣ ክራንክሻፍት

ፒስቶንና ፋሻ (የፒስቶኑ ቀለበት) ያገለገለ አይገዛም፤ ነገሩ በአጭሩ ይሄ ነው። ከሌላ ሲሊንደር ጋር የተላመደ ፋሻ በእናንተ ሲሊንደር አይዘጋም። ብሎክ ግን ያገለገለ ይገዛል፤ የሚለካ ነገር ነውና። ማይክሮሜትር ያለው ሬቲፊካ ቤት (ሲሊንደር የሚሰረሰርበት ጋራዥ) ውሰዱና ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ይለካላችሁ። የያማሃ ማኑዋሎች በተለምዶ የሚያስቀምጡት ገደብ ከላይ እስከ ታች ባለው ልዩነት 0.08 ሚሊ ሜትር፣ ክብነቱ ሲዛባ ደግሞ 0.05 ነው። ከዚህ ካለፈ 0.25 ወይም 0.50 በሚተልቅ ፒስቶን መሰርሰር ይቻላል፤ ነገር ግን ከመሰርሰሩ በፊት ፒስቶኑን እጃችሁ አስገቡ። ቀዳዳው የሚሰፋው በፒስቶኑ ልክ ነውና ሰርስሮ ፒስቶን መፈለግ የተገላቢጦሽ ነው። የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ፊት በቀጥ ያለ ብረት ሲፈተሽ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በላይ ብርሃን ካሳለፈ ይላግ። የብሎን ቀዳዳዎቹንም አንድ በአንድ እዩ፤ የተበላ ጥርስ ያለው ብሎክ ርካሽ አይደለም።

ያገለገለ ክራንክሻፍት ላይ ግን እጃችን አይፈታም። በቱ-ስትሮክ ሞተር ክራንክሻፍቱና ቢየላው (ፒስቶኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) በፕሬስ ተጨምቀው የተጋጠሙ ናቸው፤ ከውስጥ ያለው የመርፌ ኩሽኔታ ሳይፈታ አይታይም። ሞተሩ ሰምጦ ወጥቶ ቶሎ ካልታጠበ ዝገት የሚጀምረውም እዚያ ነው። ቢየላው ዙሪያ ከሙቀት የተነሳ ሰማያዊ ቀለም ካያችሁ ወይም ወደ ላይና ወደ ታች ስትስቡት ከተንኳኳ ለብረታ ብረት ዋጋም አይሆንም። ወደ ጎን ትንሽ መወዛወዙ ግን የተፈጥሮው ነው፤ ሻጩን በዚህ አትክሰሱት።

ዕቃው የሚወጣበት ሞተር ገና ሳይፈታ ካገኛችሁት ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) ለኩ። ሁለቱንም ካንዴላ አውጥታችሁ፣ የካንዴላ ገመዶቹን ከሞተሩ አካል ጋር አገናኝታችሁ፣ የቤንዚን እጀታውን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ገመዱን ሳቡ። የሁለቱ ሲሊንደሮች ልዩነት ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም።

ሲዲአይ፣ ቦቢና፣ ስታተር

ያገለገለ ሲዲአይ (የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን) ሲቀዘቅዝ ሠርቶ ሲግል ሊጠፋ ይችላል። ሰው የሚታለልበትም ይኸው ነው፦ ሱቁ በር ላይ ተሞክሮ እሳት ይሰጣል፣ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ይሞታል። በመለኪያ መሣሪያ የሚነበበው ኦም ለስታተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጥቅል) እና ለቦቢናው (ለካንዴላው ኃይሉን ከፍ የሚያደርገው ጥቅል) ይረዳል፤ ለሲዲአዩ ግን ብዙ አይነግርም። መፍትሔው ስምምነት ነው፦ ዕቃው ተገጥሞ ሞተሩ በጭነት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሂድ፣ ቆሞ ወዲያው በትኩሱ ይነሳ፣ ካልሆነ ይመለሳል። እሳቱን ስትፈትኑ ካንዴላ ብቻ አይበቃም፤ 9 ሚሊ ሜትር ክፍተት ባለው መሞከሪያ ላይ ሰማያዊ ሆኖ መዝለል አለበት። በዚህ ስምምነት የማይስማማ ሻጭ ዕቃውን ያውቀዋል።

ካንዴላ አዲስ ነው፤ ዋጋውም አያጨቃጭቅም። ከኤንጂኬ ዓይነቶች ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል፤ መጨረሻው ላይ ያለው 10 ክፍተቱ 1.0 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ማኑዋሉ ከሚለው አትውጡ።

ፕሮፔለርና ካርቡራቶር፦ ከፍታ የሚለውጠው ምርጫ

ያገለገለ የአሉሚኒየም ፕሮፔለር ጥሩ ግዢ ነው፤ ጠርዙ ትንሽ ቢላላጥም ይሞረዳል። ሁለት ነገር ግን እዩ። አንደኛ፣ መሐሉ ላይ ያለው ጎማ ሾልኮ እንደሆነ። ከውስጠኛው ብረት ጀምሮ ጎማውን አቋርጦ ውጪኛው አካል ላይ የሚደርስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም አስምሩ፤ በጭነት ነድታችሁ ስትመለሱ መስመሩ ከተሰበረ ጎማው ይሾልካል። ሁለተኛ፣ ልኩ። ከተጻፉት ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያው ስፋቱ፣ ሁለተኛው ፒቹ (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚገፋበት ርቀት) ነው፤ ሁለቱም በኢንች። ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ ፕሮፔለር የተመረጠው ለባሕር ጠለል ነው። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ ያ ፕሮፔለር እዚህ ይከብደዋል። ኢንዱሮ 40 በሙሉ ቤንዚን ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ፒቹን አንድ ኢንች መቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይመልሳል። ከአቅም በታች እየዞረ የሚጎትት ሞተር ካርቦን ያጠራቅማል፣ ይግላል።

ካርቡራቶርም እንደዚሁ ነው። አካሉ ያገለገለ ይሁን፤ መርፌው ከነመቀመጫው፣ ጓርኒሲዮኑና ተንሳፋፊው ከአዲስ ኪት ይምጣ። የቢራቢሮው ዘንግ ከላላ ግን አካሉም አይረባም፤ በዚያ በኩል አየር ይስባል። ጂግለሩ (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብሎን) ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከእናንተው ጋር አስተያዩ፤ ትልቅ ቁጥር ትልቅ ቀዳዳ ነው። ለባሕር ጠለል የሆነው ጣና ላይ ቤንዚን ያበዛና ካንዴላ ያጠቁራል፣ ሌላ የከፋ ጉዳት የለውም። አደገኛው ተቃራኒው ነው፦ ለደጋ ተብሎ ትንሽ ጂግለር የገባለትን ካርቡራቶር ጋምቤላ ባሮ ላይ የገጠመ ሰው ፒስቶን ይነድለታል።

የሞተር ክዳን፣ የማሰሪያ ቅንፍ፣ እጀታ፣ ፍላይዊል ያለ ሐሳብ ያገለገለ ግዙ። አሉሚኒየሙ ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ካለ ግን ጨው ውኃ ላይ የሠራ ነው፤ ብሎኖቹ ሲፈቱ ይሰበራሉ፣ የውኃ መሄጃዎቹም ከውስጥ ተበልተው ሊሆን ይችላል። ከሐይቅ የወጣ ዕቃ በዋጋ እንኳ ቢበልጥ እሱን ምረጡ።

ስትገዙ

ማሰሪያው ቅንፍ ላይ በስተግራ ያለውን የሞተሩ ዓይነትና ቁጥር የተጻፈበትን ሳህን ፎቶ አንሱ፤ አሮጌውንም ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። የያማሃ ዕቃ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምልክቶች ዕቃው መጀመሪያ የተሠራለትን የሞተር ዓይነት፣ ቀጣዮቹ አምስት ዕቃውን ይነግራሉ፤ ለምሳሌ 44352 ሁልጊዜ ኢምፔለር ነው። ስለዚህ መሐሉ አንድ ሆኖ መጀመሪያው ለሞተራችሁ ከተመዘገበው የዕቃ ቁጥር ከተለየ ያ ሌላ ኢምፔለር ነው፤ «ይገባል» ቢባልም አትቀበሉ። ኩሽኔታ ግን ዓለም አቀፍ ቁጥር ያለው ከሆነ ከመኪና ዕቃ ቤትም ይገኛል።

ያገለገለው ከአዲሱ ኦሪጅናል ግማሽ ዋጋ ካልወረደ አይጠቅምም፤ ፓራኦሊዮውና የእጅ ዋጋው ልዩነቱን ይበላዋል። አዲስ ፒስቶን ከገባ የመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት ድብልቁ 25 ለ1 ይሁን፤ በ20 ሊትር ቤንዚን 0.8 ሊትር ዘይት ማለት ነው። ከዚያ ወደ 50 ለ1፣ ማለትም 0.4 ሊትር ይወርዳል። ዘይቱ ቲሲ-ደብሊው3 የሚል የጀልባ ዘይት እንጂ የሞተር ብስክሌት አይሁን። ያገለገለ ማርሽ ቤት ከተገጠመ ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ ዘይቱን ቀይሩና ማግኔቱን እንደገና ተመልከቱ፤ ዱቄት ብቻ ከሆነ እስከ 100 ሰዓት ሳይከፈት ይቆይ።