«የኒውክሌር መብራት ርካሽ ነው» ሲሏችሁ መጀመሪያ ውሉን ጠይቁ

አዲስ የኒውክሌር ማመንጫ ሊሠራ ነው ሲባል አብሮ የሚመጣ ወሬ አለ። «ነዳጁ ርካሽ ስለሆነ መብራቱም ይረክሳል» ይባላል። ነዳጁ ርካሽ መሆኑ እውነት ነው። ዩራኒየም ከጠቅላላ ወጪው ትንሹን ድርሻ ነው የሚይዘው። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀ የቆየ ማመንጫም በአነስተኛ ወጪ ይሠራል። እኔ ተጠንቀቁ የምለው ከአዲሱ ነው። የአዲሱን ዋጋ የሚያንረው ግንባታውና ወለዱ ነው።

ወለዱን አስሉት። 10 ቢሊዮን ዶላር በ7 በመቶ ወለድ ተበድሮ ለ10 ዓመት ምንም ካልተከፈለ ዕዳው ወደ 20 ቢሊዮን ይጠጋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ገና አንድ አምፖል አልበራም። የሚሸጥ ኃይል ስለሌለ ገቢ የለም፤ ወለዱ ግን ሌሊትም ይቆጥራል።

መዘግየቱ ደግሞ የተለመደ ነው። የፈረንሳዩ ፍላማንቪል ማመንጫ ሦስተኛ ሪአክተር (ከዩራኒየም ሙቀት የሚያወጣው የማመንጫው ክፍል) እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀመር ዋጋው 3.3 ቢሊዮን ዩሮ ነው፣ በ2012 ያልቃል ተብሎ ነበር። ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር የተገናኘው በ2024 መጨረሻ ነው። ወጪውም 13 ቢሊዮን ዩሮ አልፏል። በአሜሪካ ጆርጂያ የተሠሩት ሁለቱ የቮግል ሪአክተሮች በ14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ታስበው ከ30 ቢሊዮን በላይ ፈጁ። ሰባት ዓመት ዘገዩ።

«ታዲያ እኔን ምን አገባኝ፣ ኩባንያው ይክሰር» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። የአሜሪካዋ ሳውዝ ካሮላይና ግዛት ታሪክ ነው ሐሳቤን ያስቀየረኝ።

እዚያ በ2007 አንድ ሕግ ወጣ። ሕጉ የኤሌክትሪክ ኩባንያው ማመንጫው ሳያልቅ ወጪውን ከደንበኞች እንዲሰበስብ ፈቀደለት። ታሪፉ ዘጠኝ ጊዜ ጨመረ። ከወርሃዊ ሂሳቡ 18 በመቶ ያህሉ ገና ለሚሠራው ማመንጫ የሚሄድ ሆነ። አስቡት፤ ሰው ቆጣሪው ላይ ያየውን ፍጆታ የከፈለ ይመስለዋል፣ ከየ100 ዶላሩ 18ቱ ግን ላልተጠቀመበት ነገር ነው። በ2017 ሪአክተሮቹን የሚሠራው ዌስቲንግሃውስ ኪሳራ አወጀ። 9 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከወጣ በኋላ ፕሮጀክቱ ተቋረጠ። ከዚያም የኤሌክትሪክ ኩባንያው ለሌላ ተሸጠ፤ ከዕዳው የቀረውን ደንበኞች በ20 ዓመት እንዲከፍሉ ተወሰነ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው፤ ለዚያውም በየወሩ መኖ የሚገዛላት ላም። ከሁሉ የሚያናድደኝ ነገሩ ሁሉ በሕግ የተፈቀደ መሆኑ ነው።

መንግሥት ተበድሮ ሲሠራ ደግሞ ከፋዩ መላው ሕዝብ ነው። ፊሊፒንስ ባታን ላይ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥታ ማመንጫ ሠራች። ከቼርኖቤል አደጋ በኋላ ሥራ ሳይጀምር ተዘጋ። አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አልሰጠም፣ ብድሩ ግን ተከፍሎ ያለቀው በ2007 ነው።

የቆሻሻውንም ወጪ አትርሱ። የአሜሪካ ተጠቃሚዎች ከ1983 እስከ 2014 በእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሳንቲም አንድ አሥረኛ ለዝቃጩ መቅበሪያ ከፍለዋል። ቋሚ መቅበሪያው ዛሬም የለም።

ስለዚህ ስለ ቴክኖሎጂው ከመከራከራችን በፊት ውሉን እናንብብ። ወጪው ካሰቡት በላይ ቢሄድ የሚሸከመው ማነው? ክፍያው የሚጀምረው ኃይል ሲመጣ ነው ወይስ ግንባታ ሲጀመር? ፕሮጀክቱ ቢቋረጥ የከፈልነው ይመለሳል? መልሱ ከውል ውል ይለያያል። በእንግሊዙ ሂንክሊ ፖይንት ሲ ማመንጫ የግንባታው ጭማሪ በገንቢው ላይ ነው የወደቀው። ተጠቃሚው ግን ለ35 ዓመት ለሜጋዋት ሰዓት (ለ1,000 ኪሎዋት ሰዓት) 92.50 ፓውንድ ዋጋ ተቆርጦለታል፣ ያውም በ2012 ዋጋ፣ ከኑሮ ውድነቱ ጋር እያደገ የሚሄድ። እዚያው አገር በ2022 የወጣው ሕግ ደግሞ ለቀጣዮቹ ማመንጫዎች ከግንባታው ጊዜ ጀምሮ ከደንበኞች ሂሳብ ላይ መሰብሰብ ፈቅዷል።

ይህ ዓይነቱ አንቀጽ ብዙ ጊዜ «የፋይናንስ ሞዴል» የሚል አሰልቺ ርዕስ ሥር ነው የሚቀመጠው። ሰነዱ እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ እሱን ገጽ ግለጡ።