ቆራሌውና ልዋጩ፦ የእናታችንን ቤት ዕቃ ስናወጣ ያየሁት

ፍርዴን ከፊት ልናገር። አሮጌ ዕቃ ለሚገዛው ለቆራሌው ከአምስት ኮከብ አራት፣ ልብስ በሳፋና በባልዲ ለሚለውጠው ለልዋጩ ከአምስት ሁለት። ለምግብ ቤትና ለፀጉር ቤት ኮከብ የሚሰጥ ሰው ሞልቷል። ለእነዚህ ግን ማንም አይሰጥም። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሞቶ ቤቱ ሲለቀቅ መጀመሪያ በሩን የሚያንኳኩት እነሱ ናቸው።

እናታችን ተከራይታ ነበር የምትኖረው። አርባዋ እስኪወጣ ማንም ምንም አልነካም። አከራይዋ ደግ ሴት ናቸው፣ ለቅሶ ቤት ሲያስተናግዱ የሰነበቱት እሳቸው ነበሩ፣ ግን ወር ሲሞላ ኪራይ ኪራይ ነው። ስለዚህ ቤቱ ቶሎ መለቀቅ ነበረበት።

ጠዋት «ቆራሌው!» የሚለውን ድምፅ ስንሰማ ጠራነው። ልጅ እግር ነው፣ ማዳበሪያ በትከሻው አንግቷል። የዛገ ምድጃ፣ የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ ጠርሙስ፣ የማይሠራ ቴሌቪዥን፣ የተጣመመ ድስት፣ ሁሉንም ያያል። ሚዛን የለውም፣ በእጁ አንስቶ ይገምታል። እናንተም እንደሱ አንስታችሁ ገምቱ፣ መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋ ለመጠራት ያህል ነውና። አሉሚንየምና ነሐስ ከብረት ይበልጣል፤ አንድ ላይ ደባልቆ «ለሁሉም ይሄን ያህል» ካላችሁ ለየብቻ አስጠሩት። ከዚህ ወጥቶ መርካቶ ይወስደዋል። ምናለሽ ተራ ገብቶ የሚያውቅ ሰው በርሜል እንዴት ምድጃ እንደሚሆን፣ የመኪና ጎማ እንዴት ጫማ እንደሚሆን አይቷል። የእናቴ ጎባጣ ድስት የሆነ ሰው ቤት ሌላ ነገር ሆኖ ይገባል ብዬ ሳስብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀለል አለኝ።

አራቱን ኮከብ ያገኘው ግን በዋጋው አይደለም። «የማን ዕቃ ነው?» ሲለን «የእናታችን፣ አርፋለች» አልነው። ማዳበሪያውን መሬት አስቀመጠና «ነፍስ ይማር» አለ። ከዚያ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ማራገፍ ጀመረ። አንዱ የኒዶ ቆርቆሮ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ብር ወጣ። ምንም ሳይል ለታላቅ እህቴ ሰጣት። ስንፈታው በሙሉ አሮጌው መቶ ብር! መስከረም 2013 ኖቱ ሲቀየር ለመለወጫ ሦስት ወር ተሰጥቶ ነበር። እናታችን ዜናውን ሳትሰማ ቀርታ አይደለም፣ በዚያ ሰሞን ሰፈሩን ሁሉ «ብራችሁን ቀይሩ» እያለች የምትዞረው እሷ ነበረች። የቀበረችበትን ረስታው ነው። መጀመሪያ አለቀስን፣ ከዚያ ሳቅን፣ ልጁም አብሮን ሳቀ። እንግዲህ ቆርቆሮ፣ ትራስ፣ የካፖርት ኪስ፣ የቡና ማስቀመጫ፣ ሁሉንም ሳታራግፉ ለማንም አትስጡ። ሁሉም ቆራሌ እንደዚህ ልጅ አይደለም።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት የሚሠራውንም ዕቃ በብረት ዋጋ ስለሚጠይቅ ነው። ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪናዋን አይቶ የጠራው ዋጋ ያስቆጣል። ሬዲዮ፣ ስፌት መኪና፣ ካውያ፣ እንዲህ ያለውን ከመጥራታችሁ በፊት ጓዳ አስገቡት።

ልዋጩ ሌላ ነው። ሳፋ፣ ባልዲ፣ ጆግና ብርጭቆ ተሸክሞ ይመጣል፣ በልብስና በጫማ ይለውጣል። ሌላ ጊዜ ጥሩ አገልግሎት ነው፤ የልጆች የጠበበ ጃኬት ሰጥቼ ባልዲ ወስጄ አውቃለሁ፣ ቅር ያለኝ ነገር የለም። የሞተ ሰው ልብስ ግን አይሆንለትም። ሥራው ስለሆነ ቀሚሷን ወደ ብርሃን አንስቶ ያያል፣ ስፌቱን ይስባል፣ አንገቱን ይገለብጣል፣ «ይቺማ አልቃለች» ይላል። እናንተ እዚያው ቆማችኋል። የሀገር ልብሱን ደግሞ ከቁም ነገር አልቆጠረውም፣ ሹራብና ጫማ ነበር የሚፈልገው። በመጨረሻ ለአንድ ትልቅ ፌስታል ልብስ አንድ ሳፋና ሁለት ጆግ አለን። ታናሽ እህቴ «በየቀኑ በዚህ ሳፋ ልብስ ላጥብበት ነው?» ብላ ፌስታሉን መልሳ ወሰደችው። ልክ ነበረች። ብር ይጠፋል፣ ሳፋ ግን ዓመታት ቤት ውስጥ ይቀመጣል።

ነጠላዎቿንና ጋቢዋን አክስቶቼ ለማስታወሻ ተከፋፈሉት፣ አንዷን ነጠላ የነፍስ አባቷ ወሰዱ። የቀረውን አጥበን፣ ተኩሰን፣ ከምርኩዟና ከተረፈው የአዋቂ ዳይፐር ጋር መቄዶንያ የአረጋውያን መርጃ አደረስነው። ዳይፐሩን ማን ይፈልገዋል ብለን ልንጥለው ነበር፤ ለእነሱ ግን ከልብሱም በላይ የሚያስፈልግ ነገር ነው። የተረፈ መድኃኒት ግን ለማንም አትስጡ፣ ለጎረቤትም ቢሆን።

ሌላው ነገር ወረቀት ነው። ቆራሌው ጋዜጣና ደብተርም ሊወስድ ይችላል፣ ስለዚህ እሱ ከመግባቱ በፊት መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር፣ የጡረታ ወረቀት፣ የእድር ደብተር ለብቻ ይውጣ። የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ፍርድ ቤት ስትሄዱ አንዲት የጠፋች ወረቀት ታመላልሳችኋለች።

የወንድምና የእህት ነገርስ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆችን እኩል ወራሽ ያደርጋል፣ ለሙቀጫና ለጀበና ግን ማንም ፍርድ ቤት አይሄድም። እኛን ያዳነን ቴሌግራም ነው። ግሩፕ ከፍተን እያንዳንዱን ዕቃ ፎቶ አንስተን ለቀቅነው፣ እስከ ማታ «እኔ እፈልገዋለሁ» ያላለ ሰው በኋላ እንዳይጠይቅ ተስማማን። ጅዳ ያለችው እህቴ ከሥራ እየወጣች በድምፅ ትልክልናለች፦ «ያቺን ጀበና እንዳትነኳት!» «የሰርጓ ፎቶ የታለ?» ብዙ ጊዜ የምትፈልገው ዕቃውን አልነበረም፣ አብራን የቤቱን ዕቃ ማውጣት ነበር። ዘመዳችሁ ውጭ ካለ ይህን አትዝለሉ።

ሲንጀሯንም እሷ «የእኔ ናት» ብላለች፣ እንዴት እንደምትወስዳት ግን አልነገረችንም። ለጊዜው የእኔ ሳሎን ውስጥ ናት፣ ቴሌቪዥን ተቀምጦባታል።