የትሩማን ሙዚየም፣ ኢንዲፔንደንስ ሚዙሪ፦ ምክትል ሲመረጥ ምን እየተመረጠ እንደሆነ እዚ ነው የገባኝ

ካንሳስ ሲቲ የምትኖሩ ወይ በዛ በኩል የምታልፉ ካላችሁ ይሄን ቦታ ሳታዩ እንዳትመለሱ። የፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ነው፣ ያደጉባት ኢንዲፔንደንስ ውስጥ፣ ከካንሳስ ሲቲ መሀል በመኪና ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ባለፈው ሰመር አባቴን ይዤ ሄድኩ፣ ሁለት ሰዓት ይበቃናል ብዬ ነበር፣ ስንወጣ ግን ሊዘጋ ምንም አልቀረውም።

የሄድነው በክርክር ምክንያት ነው። በ2024 ምርጫ ትራምፕ ቫንስን ሃሪስ ደግሞ ዋልዝን ለምክትል ፕሬዚዳንትነት አብሯቸው እንዲወዳደር ("ራኒንግ ሜት" የሚሉት) ሲመርጡ ቤታችን ቡና በተፈላ ቁጥር ወሬው እሱ ነበር፣ እኔ "ራኒንግ ሜት ማለት ያው ድምጽ ማምጫ ነው፣ አንድ ስቴት ካመጣ በቃ" ስል አባባ "ተው ልጄ፣ ፕሬዚዳንት እኮ ነው የሚመርጡት፣ ቀኑ አልደረሰም እንጂ" ይሉኛል። አልተስማማንም። የትሩማንን ታሪክ ይዤ ስገባበት ግን አባባ ረቱኝ፣ ዛሬም እንደተረታሁ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1944 ሩዝቬልት ለአራተኛ ጊዜ ሊወዳደሩ ነው፣ ጦርነቱ አላለቀም፣ ሰውዬው ደግሞ ልባቸው ታሟል፣ ግፊታቸው ወጥቷል፣ ሐኪሞቹ ያውቃሉ፣ ሕዝቡ አያውቅም። የፓርቲያቸው የዲሞክራቶቹ ትልልቆች ግን አይናቸው አይቷል፣ ስለዚ አሁን ምክትል የሚሆነው ሰው ነገ ፕሬዚዳንት ነው ብለው ነው የተንቀሳቀሱት። በስልጣን ላይ የነበሩት ምክትል ሄንሪ ዋላስ በጣም ወደ ግራ ያዘነበሉ ናቸው ብለው አልፈለጓቸውም። ትሩማን የሚዙሪ ሴናተር ናቸው፣ ቦታውንም አልጠየቁም፣ እንዲያውም ቺካጎ ኮንቬንሽን (ፓርቲው እጩዎቹን የሚመርጥበት ጉባኤ) የሄዱት ጄምስ በርንስ የሚባሉትን ሌላ ሰው ሊጠቁሙ ነው። ብላክስቶን ሆቴል ክፍል ውስጥ፣ ትሩማን እዛው እያሉ፣ የፓርቲው ሊቀመንበር ሃኔጋን ሩዝቬልት ጋ ስልክ ደወሉ፣ የሩዝቬልት ድምጽ ከስልኩ ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ ላሉት ሁሉ ይሰማል፣ ትሩማን በጦርነት መሀል ፓርቲውን መከፋፈል ከፈለገ ኃላፊነቱ የራሱ ነው በሉት ብለው ዘጉት። ከዚህ በኋላ እንዴት እምቢ ይባላል። በመጀመሪያው ዙር ዋላስ 429 ተኩል ትሩማን 319 ተኩል ነበሩ፣ ማለትም ዋላስ እየመሩ ነበር፣ በሁለተኛው ዙር ነው ሁሉም ወደ ትሩማን የዞረው።

እኔን ያስደነገጠኝ ከዛ በኋላ ያለው ነው። ምክትል ሆነው የቆዩት 82 ቀን ብቻ ነው። ኤፕሪል 12፣ 1945 ኋይት ሀውስ ቶሎ ይምጡ ተብለው ሄዱ፣ ኤልኖር ሩዝቬልት ባለቤታቸው ማረፋቸውን ነገሯቸው፣ ትሩማን ምን ልርዳዎት ብለው ሲጠይቋቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴትዮ መልሰው እኛ ምን እንርዳዎት፣ አሁን ጭንቅ ውስጥ ያሉት እርስዎ ነዎት አሏቸው። የአቶሚክ ቦምቡን ዝርዝር እንኳን የሰሙት ስልጣን ከያዙ በኋላ ነው፣ አራት ወር ሳይሞላ ሂሮሺማ ሆነ። እስቲ አስቡት፣ ድምጽ ያመጣልናል ተብሎ ብቻ የተመረጠ ሰው እዛ ወንበር ላይ ቢቀመጥስ ኖሮ? ያኔ ደግሞ ምክትሉ ወደ ላይ ሲወጣ በእሱ ቦታ የሚተካ ሰው የለም፣ ወደ አራት አመት ለሚጠጋ ጊዜ አሜሪካ ያለ ምክትል ነው የኖረችው።

ወደ ሙዚየሙ ልመለስ። እንደገቡ የቶማስ ሃርት ቤንተን ትልቅ የግድግዳ ሥዕል አለ፣ እሱ ጋ ብዙ አልቆየንም። ያቆመን ቢሮው ነው፣ የትሩማን ኦቫል ኦፊስ፣ ማለት የኋይት ሀውስ ቢሯቸው፣ እንዳለ ተሠርቷል። ያቺ ታዋቂ የጠረጴዛ ጽሑፍ "ዘ በክ ስቶፕስ ሂር" የምትለው እዚ ቤት ናት፣ በኛ ቋንቋ ኃላፊነቱ እዚ ያበቃል፣ ከዚ በላይ የሚላክበት የለም እንደማለት። ትንሽዬ እንጨት ናት፣ ርዝመቷ ከአንድ ስንዝር ያልፋል፣ ከጀርባዋ ደግሞ "ከሚዙሪ ነኝ" ይላል። የተሠራችው ኦክላሆማ ያለ እስር ቤት ውስጥ ነው። ይሄን ለአባባ ሳነብላቸው ዝም አሉ፣ ከዛ "የኔም አስተማሪዎች ከኦክላሆማ ነበሩ" አሉኝ።

አባባ በኛ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም አለማያ እርሻ ኮሌጅ ገብተው የተማሩ ሰው ናቸው። አለማያን ያቋቋመው የኦክላሆማው ኮሌጅ ነው፣ ገንዘቡ የመጣው ደግሞ ትሩማን በ1949 በዓለ ሲመታቸው ንግግር በአራተኛ ነጥብ ካነሱት የእርዳታ እቅድ ነው፣ ትልልቆቹ "ፖይንት ፎር" የሚሉት እሱን ነው። ስሙን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የአንድ መሥሪያ ቤት ስም ነበር የሚመስለኝ። ያ የቺካጎ ስልክ ባይደወል ወይ ትሩማን እምቢ ብለው ቢጸኑ አባባ የት ይማሩ ነበር ብዬ ሳስብ በእውነት ሰውነቴን ነዘረኝ።

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ አለ፣ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ቀድማችሁ እወቁት። ኮሪያ ልጁ የሞተበት አባት የልጁን ሜዳሊያ ለትሩማን መልሶ የላከበት ደብዳቤ፣ በጣም የመረረ ደብዳቤ ነው። ትሩማን ሲሞቱ ጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። አባባ ሁለቴ አስነበቡኝ። የቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ የዘመተው በኚሁ ሰውዬ ጊዜ ነው፣ ከኛም ከ120 በላይ ሰው ቀርቷል፣ ሰፈራችን የነበሩትን የኮሪያ ዘማች እያነሱልኝ ነው ከዛ ክፍል የወጣነው።

እንግዲህ የምመክራችሁ፣ ጠዋት ግቡ፣ ሲኒየር ይዛችሁ ከሆነ አትቸኩሉ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ የ1944ቱን ኮንቬንሽን ትንሽ አንብባችሁ ሂዱ፣ እሱን ሳያውቁ ቢሮውን ማየትና አውቀው ማየት አንድ አይደለም። ጊቢው ውስጥ መቃብራቸው አለ፣ ከሚስታቸው ከቤስ ጎን ነው የተቀበሩት፣ እዛ ቁጭ ማለት ይቻላል፣ ጸጥ ያለ ነው። መኖሪያ ቤታቸውም ቅርብ ነው፣ ዴላዌር ጎዳና ላይ፣ እኛ አልደረስንበትም።

ከእኔ አምስት ኮከብ። ሱቃቸው ውስጥ የጽሑፏ ቅጂ ይሸጣል፣ ለአባባ ገዛሁላቸው፣ ራዲዮናቸው አጠገብ "ከሚዙሪ ነኝ" የሚለውን ጎን ወደ ውጪ አዙረው አስቀምጠዋታል።