በአንድ ሌሊት ሁለቴ ደም የወሰደው ላብራቶሪ

ከቤታችን በባጃጅ አሥር ደቂቃ የሚርቅ፣ ሌሊት የሚሠራ ክሊኒክ ነው። ስሙን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ቅዳሜ ታናሽ ወንድሜን ከሰርግ ምሳ መልስ እምብርቱ ዙሪያ ቁርጠት ያዘው። እማዬ «ጥሬ ሥጋው ነው» አለች። መጀመሪያ የገባንበት ሌላ ክሊኒክ ዊዳል (የታይፎይድ የደም ምርመራ) ሠርቶ «ታይፎይድ» ብሎ መድኃኒት አሸክሞ ሰደደን። (ዊዳል ተሠርቶለት ታይፎይድ ያልተባለ ካለ እጁን ያውጣ!) ማታ 3 ሰዓት ላይ ሕመሙ ወደ ቀኝ ታች ወረደ፤ ምግብ ዘጋው፤ አስመለሰው። ወደዚህኛው ክሊኒክ ስንመጣ ኮብልስቶኑ ላይ ባጃጁ በዘለለ ቁጥር ጎኑን ይዞ ያቃስታል። ለተረኛዋ ሐኪም ይህን ስነግራት ቀና ብላ አየችኝና ጻፈችው።

ውጤቱ በ40 ደቂቃ መጣ፦ ነጭ የደም ሴል 9,800፣ ሲአርፒ 6። «ተመስገን፣ እንሂድ» አልኩ። «የትም አትሄዱም» አለች። ሲአርፒ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው፤ ትርፍ አንጀት ከተቆጣ በኋላ በደም ውስጥ በደንብ እስኪታይ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል። በጊዜ ከመጣችሁ ወረቀቱ ደህና ነው ቢል አትመኑት አለችን። ደግሞም ከፍ ቢል እንኳ ብቻውን ትርፍ አንጀት ነው አያሰኝም፤ የሳንባ ምችም ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ከምልክቶቹ ጋር ትደምረዋለች። ትርፍ አንጀት የመሆኑን ዕድል ለመገመት አልቫራዶ የሚባል ከ10 የሚታሰብ ነጥብ አለ፤ ወንድሜ 5 ላይ ነበር።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደም እንደገና ተወሰደ። ነጭ የደም ሴል 14,200፣ ኒውትሮፊል (አንዱ የነጭ የደም ሴል ዓይነት) 84 ከመቶ፣ ሲአርፒ 48። ነጥቡ 8 ገባ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ በእስክሪብቶ ስታሳየኝ፣ ላብራቶሪ ምን እንደሚሠራ ያኔ ገና ገባኝ። ሪፈር ጽፋ፣ የምታውቀውን የቀዶ ጥገና ሐኪም ራሷ ደውላ ቀሰቀሰችልን። ጠዋት ኦፕራሲዮን ሆነ፤ አልፈነዳም ነበር።

የማይጥመኝም አለ። አልትራሳውንድ የሚያነሳው ሰው ሌሊት የለም፤ ይህ ለድንገተኛ ክፍል ትልቅ ጉድለት ነው። ለሁለተኛው ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ሙሉ ዋጋ አስከፈሉን። ኮሪደሩ ይበርዳል፣ ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ።

የታይፎይዱ መድኃኒት እስካሁን ፍሪጁ አናት ላይ ተቀምጧል፤ እማዬ «ምናልባት» እያለች አላስጥልም ብላኛለች።