የሰርቨር ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) የሚያሳስባችሁ ካላችሁ፣ ይህን ልጅ ያዙት

ቢሮው ውስጥ የራሱን ሰርቨር ለሚያስተዳድር ሁሉ አንድ ባለሙያ ልጠቁም። እግረ መንገዴንም በአደባባይ ላመስግነው።

እኛ አዲስ አበባ ውስጥ የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ እንሠራለን። የደንበኞቻችን ፋይል በሙሉ ቢሮ ባለው ሰርቨር፣ ኔክስትክላውድ በሚባል የፋይል ማከማቻና ማጋሪያ ፕሮግራም ላይ ነው የሚቀመጠው። ሁለት ዲስክ አለው፤ አንዱ የሌላውን ግልባጭ ይይዛል። ልጁ ይህን ካየ በኋላ፣ "አንድ ዲስክ ቢበላሽ ይሄ ያድናችኋል። ሌባ ቢገባ፣ እሳት ቢነሳ ወይም ሰው ተሳስቶ ቢሰርዝ ግን አያድናችሁም" አለን። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ የሚገኘው የሰርቨር አከራዩ ኩባንያ የኦቪኤች ዳታ ሴንተር ሲቃጠል፣ ባክአፓቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ዳታቸውን እንዳጡም ነገረን።

ስለ ዋጋ ከማውራታችን በፊት የጠየቀን ጥያቄ ነው ልቤን የገዛው። "ሁሉም ነገር ቢጠፋ፣ የቱን ፋይል በስንት ሰዓት ውስጥ ትፈልጉታላችሁ?"

ባክአፑን የትኛው ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ ማከማቻ) ላይ እንደምናስቀምጥ የወሰነው ይህ ጥያቄ ነው። እኔ ዓይኔን የጣልኩት ብዙም ለማይነካ ፋይል በተሠራው ርካሽ ክላውድ፣ በአማዞን ግላሲየር ዲፕ አርካይቭ ላይ ነበር፤ ለአንድ ቴራባይት በወር 1 ዶላር ገደማ ነው። እሱ ግን የመመለሻውን ሒሳብ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ፋይሉን ለማግኘት እስከ 12 ሰዓት፣ በርካሹ መንገድ ደግሞ እስከ 48 ሰዓት መጠበቅ አለ። ማውረጃው ለብቻው ይከፈላል። ከ180 ቀን በፊት ብትሰርዙም የ180 ቀኑን ትከፍላላችሁ። ሙሽራ ነገ አልበሜን ስትል ይህ አያዋጣም። ስለዚህ ፋይሉ ወዲያው የሚወርድበትን ሌላ ክላውድ፣ ባክብሌዝ ቢ2ን መረጥን። ወርሃዊው ክፍያ ከፍ ይላል፤ ግን ካስቀመጥነው መጠን እስከ 3 እጥፍ ድረስ በየወሩ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማውረድ እንችላለን።

ሥራውን ሬስቲክ በሚባል የባክአፕ ፕሮግራም ነው የሠራው። ነፃ ነው፤ ፋይሉ ከቢሯችን ከመውጣቱ በፊት ይመሰጠራል፤ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ የሚላከው የተለወጠው ብቻ ነው። የዳታቤዙን (የፋይሎቹ ዝርዝርና የተጠቃሚዎቹ መረጃ ያለበትን መዝገብ) ቅጂም አልረሳም፤ ኔክስትክላውድ ያለ ዳታቤዙ ሙሉ ሆኖ አይመለስም። ሰርቨሩ ክላውዱ ውስጥ የሚገባበት ቁልፍ ደግሞ እዚያ ያለውን ለዘለቄታው መሰረዝ አይችልም። ሰርቨሩ በቫይረስ ቢያዝ እንኳ ባክአፑ ይተርፋል።

የኢንተርኔቱን ነገር የማያውቅ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያስቀረን ነበር። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚልክ መስመር አንድ ቴራባይት መጫን፣ አንዴም ሳይቋረጥ ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል። እሱ መጀመሪያ ያለቁትን ሥራዎች ለየ፤ የማይተካው ቀድሞ ሄደ። ጭነቱ ሌሊት በሙሉ ፍጥነት፣ ቀን በዝግታ እንዲሆን አደረገ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የተላከው እንደገና አይላክም። በየጠዋቱ ቴሌግራም ላይ አጭር መልእክት ይደርሰኛል፤ ካልደረሰኝ የሆነ ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

ክፍያው በዶላር ስለሆነ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ካርድ ላይ ነው። አካውንቱ ግን በእኛ ስም እንዲከፈትና የክፍያ ማሳሰቢያው ለሁለታችንም እንዲመጣ ያደረገው እሱ ነው። ካርዱ ጊዜው ቢያልፍና ማንም ባያይ ምን ሊመጣ እንደሚችል አስቦበታል።

የመጨረሻውን ቀን ግን አልረሳውም። ሒሳቡን ልከፍለው ስል "ቆይ፣ መጀመሪያ ይመለስ" አለኝ። ሰርቨሩን አልነካም። የራሴን ላፕቶፕ አስከፈተኝና ደስ ያለኝን አንድ ሠርግ እንድመርጥ ነገረኝ። የባክአፑን ፓስወርድ ስጽፍ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ፎልደሩ ከክላውድ ወረደ፤ የመልሱን ቀን ፎቶ ከፈትኩ፤ ሙሽሪት በካባዋ፣ ጥርት ብላ ወጣች። ከዚያ ፓስወርዱን በወረቀት ሁለት ቦታ እንዳስቀምጥ አዘዘኝ፤ ከጠፋ እሱም ሆነ ኩባንያው ሊከፍቱት አይችሉም። ገንዘቡን የተቀበለው ከዚህ በኋላ ነው።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። የሰው ትዝታ እንደያዝን ገብቶህ ነው የሠራኸው።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቅዶልኛል። ከመደወላችሁ በፊት የዳታችሁን መጠንና የኢንተርኔታችሁን የመላኪያ ፍጥነት አዘጋጁ፤ ቀድሞ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።