ለቲዩብ ፊላመንት የኤልኤም2596 ሞጁል፦ ለፕሪአምፕ ይሁን፣ ለ300ቢ ግን ይቅር

ከክብሪት ቀፎ የምታንስ ሰሌዳ ናት፤ ዲሲ ተቀብላ ቮልቱን ዝቅ አድርጋ ታወጣለች። ፊላመንቱ (የመስታወት ማጉያ ቲዩቡን የሚያሞቀው ሽቦ) በ50 ኸርዝ ኤሲ እየሞቀ እምምም ለሚል ፕሪአምፕ (የድምፅ ቅድመ ማጉያ) ርካሽ መድኃኒት ናት፣ አገጣጠሟን ላወቀበት።

አራት 12ኤኤክስ7 የፕሪአምፕ ቲዩቦች እንውሰድ። ፒን 4 እና 5 ላይ 12.6 ቮልት ሲያገኙ (9 ባዶውን ይቀራል) በድምሩ 0.6 አምፔር ይስባሉ። ባለ 15 ቮልት ትራንስፎርመር፣ ዳዮድ ብሪጅና 4700 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 20 ቮልት ገደማ ያቀርባሉ። እዚህ ኤልኤም317 (ትርፉን ቮልት ወደ ሙቀት የሚለውጥ ሊኒየር ሬጉሌተር) ቢገባ ከ4 ዋት በላይ በሙቀት ያባክናል፤ ይህች ግን ለብ ብትል ነው። ቀዝቃዛ ፊላመንት ሲነሳ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ከረንት ይጎትታል፤ ሰሌዳዋ ላይ ያለው የኤልኤም2596 ቺፕ ስለሚገድበው አነሳሱ ይለዝባል።

ጣጣው ያለው ማስተካከያው ላይ ነው። ብሎኑን በካቻቢቴ ብዙ ዙር ቢያዞሩትም መጀመሪያ ላይ ቮልቱ ንቅንቅ አይልም፣ ከዚያ መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ በቲዩቦቹ ፋንታ 22 ኦም፣ 10 ዋት ሪዚስተር አስሮ ማስተካከል ነው (ሪዚስተሩ ይፋጃል፣ እንዳትነኩት)። የባሰው ደግሞ የማስተካከያው ንክኪ ከላላ ቺፑ ቮልቱ የወረደ ይመስለውና 20 ቮልቱን እንዳለ ይለቀዋል፤ ቲዩቦቹ በአንዴ ተሰናበቱ ማለት ነው። ነቅሎ ቋሚ ሪዚስተር መበየድ ይሻላል። ሰሌዳው ላይ ያለው ታችኛው ሪዚስተር 330 ኦም ከሆነ፣ 3 ኪሎ ኦምና 47 ኦም በተከታታይ 12.6 ገደማ ይሰጣሉ። ቲዩብ ከመሰካቱ በፊት ግን ይለካ።

ኔጌቲቩን ከድምፁ ግራውንድ ጋር በአንድ ነጥብ ብቻ አገናኙት። ተንሳፍፎ ከቀረ ዲሲ ሆኖም እምምታው ላይለቅ ይችላል። ትክክለኛው ቺፕ ከረንቱን በ150 ኪሎኸርዝ እያበራ እያጠፋ ይሠራል፤ በ50 ገደማ የሚሠራ ኮፒ ግን ገበያ ላይ አለ፣ ረብሻውም ይብሳል። መውጫው ላይ 22 ማይክሮሄንሪ ኮይልና 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨምሩ፤ ሰሌዳዋንም ከመጀመሪያው ቲዩብ አርቁ።

ለሁለት ኢኤል34 (የኃይል ማጉያ ቲዩብ) 3 አምፔር ያስፈልጋል። ቺፑ 3 ቢባልም ያለ ሂትሲንክ አይዘልቀውም። ለነገሩ ኢኤል34 ዲሲ ምን ይሠራለታል? ሁለቱን ሽቦ ገምዶ በኤሲ ማሞቅ ይበቃዋል።

300ቢ የተባለው የኃይል ቲዩብ ሌላ ጉዳይ ነው። 5 ቮልት፣ 1.2 አምፔር ስለሆነ አቅሙስ ነበራት። ግን ፊላመንቱ ራሱ ካቶድ (ኤሌክትሮን የሚለቀው ክፍል) ስለሆነ የሞጁሉ ረብሻ በቀጥታ ድምፁ ውስጥ ይገባል። የመግቢያና የመውጫ ኔጌቲቯ አንድ በመሆኑም፣ ግራና ቀኙ በአንድ ትራንስፎርመር ጥቅል ከተመገቡ የሁለቱ ካቶድ ይገናኝና ባያሱ (የቲዩቡ የሥራ ነጥብ) ይበላሻል። ለየቻናሉ የራሱ ጥቅልና የራሱ ሊኒየር ሬጉሌተር ይሁን።