ከሸክላ ማጫወቻዬ ሥር የገቡት ለስላሳ እግሮች፦ ከስምንት ወር በኋላ

የሸክላ ማጫወቻዬ ስምንት ወር ሙሉ የቆመው ለሁለት የተገመሰ ኳስ በሚመስሉ አራት ጥቁር እግሮች ላይ ነው። የተሠሩት ከሶርቦቴን ነው፤ ንዝረትና ምት ለመምጠጥ ተብሎ የሚመረት የፖሊዩረቴን ዓይነት። በጣት ተጭነው ሲለቁት እንደ ጎማ ወዲያው አይመለስም፣ እየተንፏቀቀ ነው የሚነሳው። ሥራውም እዚያ ላይ ነው፤ የተቀበለውን ንዝረት መልሶ ከመግፋት ይልቅ አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል።

የገዛሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ድምፁን ከፍ ሳደርግ ባሱ ይደፈርሳል። የስፒከሮቹ ንዝረት በወለሉና ማጫወቻው በተቀመጠበት ቡፌ በኩል መርፌው ጋ ይደርሳል፤ ከሸክላው የመጣውንና ከቡፌው የመጣውን መርፌው አይለይም፣ ሁሉንም መልሶ ወደ ስፒከር ይልካል። ሁለተኛ፣ የቤቴ ወለል ጣውላ ነው። ልጄ ሮጦ ባለፈ ቁጥር መርፌው ይዘላል።

መጀመሪያ የገዛኋቸው እግሮች ምንም አልሠሩም። ጥፋቱ የኔው ነው፣ ክብደት አላየሁም። እያንዳንዳቸው ከ5 እስከ 8 ኪሎ እንዲሸከሙ የተሠሩ ናቸው። የኔ ማጫወቻ ግን ጠቅላላው 6 ኪሎ ነው፤ ለአንድ እግር 1.5 ኪሎ ቢደርስ ነው። እንደ ድንጋይ ደርቀው ቀሩ። ሸክም ሲበዛባቸውም ተጨፍልቀው ንዝረቱን ያሳልፋሉ። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ዕቃውን መመዘን የግድ ነው።

ለክብደቱ የሚሆኑትን ሳስገባ ልዩነቱ ያለ ክርክር ተሰማ። ሙከራዬ ቀላል ነው፦ የቆመ ሸክላ ላይ መርፌውን አሳርፋለሁ፣ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ቡፌውን በጣቴ መገጣጠሚያ ኳ ኳ አደርጋለሁ። ድሮ ከስፒከሩ «ድም!» ይል የነበረው አሁን ጆሮ ካልሰጡት አይሰማም። ባሱም ጠራ።

የልጄ ሩጫ ግን ባሰበት። እውነቴን ነው! ለምን እንደሆነ የገባኝ ማስመሪያ ይዤ ቁጭ ስል ነው። እግሮቹ በማጫወቻው ክብደት 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰምጣሉ። በቀላሉ ሲሰላ ከላያቸው ያለው ዕቃ በራሱ ጊዜ የሚወዛወዘው 10 ሄርዝ (በሰከንድ 10 ጊዜ) ገደማ ላይ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ እግር ንዝረት መቀነስ የሚጀምረው ከዚያ ቁጥር 1.4 እጥፍ በላይ ነው። ከዚያ በታች ያለውን ያሳልፋል፣ 10 ሄርዝ አካባቢ ደግሞ ጭራሽ ያጎላዋል። የእርምጃ ንዝረት የሚመጣው እዚያው ታች ነው። የመርፌው ክንድም ራሱ ከ8 እስከ 12 ሄርዝ ባለው ውስጥ እንዲወዛወዝ ነው የሚፈለገው። ሁለቱ ገጠሙ።

መፍትሔው ሌላ እግር አልነበረም፣ ግድግዳ ላይ በብሎን የታሰረ መደርደሪያ ነው። ማጫወቻው ከነእግሮቹ ወደዚያ ከወጣ ወዲህ ልጁ ቢዘልም መርፌው አይነቃነቅም።

አምፕሊፋየሩ ሥር የሞከርኳቸው አንድም ለውጥ አላመጡም። ትራንዚስተር ነው፣ ምን ይሰማዋል? ንዝረት የሚሰማቸው የመስታወት ቱቦዎች ያሉት ዓይነት ቢሆን ሌላ ነገር ነበር።

ስለ ጉዳታቸውም ልናገር። በአራተኛው ወር ማጫወቻውን ሳነሳ ቡፌው ቫርኒሽ ላይ አራት ቅባታም ክቦች ታትመው አገኘሁ። አልለቀቀም፤ አሁን ጌጥ መስሎ የሚታይ ጨርቅ ለብሷል። መደርደሪያው ላይ ከየእግሩ ሥር ቀጭን ፕላስቲክ አስገብቻለሁ። አቧራና ፀጉርም ይለቅማሉ። ሞተሩ ባለበት በኩል ያለው እግር ደግሞ ከሌሎቹ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሏል፤ በወር አንዴ ውሃ ልክ አስቀምጬ አስተካክላለሁ።

እነዚያ ደረቅ ያልኳቸው የመጀመሪያዎቹ አራቱስ? ስፒከሮቼ እያንዳንዳቸው 22 ኪሎ ናቸው። አራት ጨምሬ ገዛሁና ከሁለቱም ሥር አስገባኋቸው። የቡፌው መስታወት ዝዝዝ ማለቱን ያቆመው ያን ዕለት ነው።